አባቴ ያላየው ቀለም

«ማቀናበር» የሚለው ቃል ለእኔ የሥራ ቃል ነው። ጎንደር ፒያሳ ባለው ፎቶ ቤታችን ቀኑን ሙሉ ሲነገር ይውላል። አንዱ ይመጣና «አባቴ ለሠርጌ አልደረሰም፤ ከጎኔ አቀናብሪልኝ» ይላል። ሌላዋ ጉርድ ፎቶዋን ይዛ «ከጀርባዬ ፏፏቴ አቀናብሪልኝ» ትላለች። አቀናብራለሁ። ሟቹን አስነስቼ፣ ክራቫት አስሬለት፣ ከሙሽራው አጠገብ አቆመዋለሁ። በዚህ የሰደበኝ የለም፤ እንዲያውም አልቅሰው ያመሰግኑኛል። ቃሉ ከፎቶ ቤታችን ደጅ ሲወጣ ሌላ ትርጉም እንዳለው ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ፌስቡክ ላይ ሰው ያልወደደውን ፎቶ ሁሉ «የተቀናበረ ነው» ብሎ ይገላገላል። ግን እንጀራ የሚበላበትን ቃል አፉ ላይ ሲመጣ ማን ቆም ብሎ ይመረምረዋል?

አባቴ ከማሉዲን ይባላል። ፎቶ ቤቱን የከፈተው በፊልም ዘመን ነው፤ በቅንብሩ ሥራ እጁን አያስገባም። «እኔ ያለውን ነው የማነሳው» ይልና ደንበኛውን በአገጩ ወደ እኔ ይጠቁመዋል። ኮምፒውተሩ የእኔ ግዛት ነው። እሱ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ይቆርጣል፣ ከሰው ጋር ያወራል። በሰፈራችን በአዲስ ዓለም «ከማሉዲን ካለ አለ ነው» ይባላል። ሁለት ነጋዴዎች ቢጣሉ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው፤ የተናገረውን የሚያፈርስ የለም።

ውሸት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለበጎ የሚባለውን እንኳ አይዋሽም። እናቴ ዙህራ ታማ ተኝታ «እድናለሁ ወይ?» ብላ ስትጠይቅ፣ እኔና እህት ወንድሞቼ አንገታችንን ስንደፋ፣ እሱ ብቻ «አላህ ያውቃል፤ ሐኪሙ ግን አትድንም ብሎኛል» አላት። ያኔ ጠላሁት። እናቴ ግን እጁን ይዛ አመሰገነችው። እሷ ከሞተች በኋላ ወንድሜ ዐብዱልከሪም ካርቱም ሄዶ በዚያው ቀረ፤ እህቴ ፈህሚያም ባሕር ዳር አገባች። ቤቱ ውስጥ እኔና አባቴ ቀረን። እኔ ረውዳ ነኝ፣ የመጨረሻዋ።

ሰማይ ማንሳት የጀመርኩት በሠርግ ሰበብ ነው። ደባርቅ ሙሽራ አንስተን ስንመለስ መሽቶብን ኮሶዬ ላይ የማኪናችን ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ጎማ ሲቀይር ካሜራዬን ድንጋይ ላይ አስደግፌ፣ ሌንሱን ወደ ላይ አድርጌ፣ ጥቂት ሰኮንድ ከፍቼ ተውኩት። ስክሪኑ ላይ የወጣው ኮከብ በዓይኔ ከማየው ይበልጥ ነበር። ያን ቀን የያዘኝ አባዜ አልለቀቀኝም። ቀን ሙሽራ አስውባለሁ፣ ማታ ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ሰማይን እንዴት እንደሚያነሱ አነባለሁ። ቤት ውስጥ ስለዚህ ነገር የማወራው ሰው ቢኖር አባቴ ብቻ ነው፤ እሱም ይሰማኛል።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ተቋም ሰማይ መመልከትና ማንሳት ለአንድ ዓመት ሊያስተምር ነው። ከየከተማው አንድ ሰው ይወስዳል፤ የእኛ ከተማ የምትልከውን በፎቶ ውድድር ትመርጣለች። በሕይወቴ እንዲህ የፈለግኩት ነገር አልነበረም። ትምህርቱ የሠርግ ፎቶ አይደለም፣ ጉርድ ፎቶ አይደለም፣ የሞተ ሰው ክራቫት ማሰር አይደለም። ለአባቴ ሳነብለት እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ካሸነፍሽ ትሄጃለሽ» አለ።

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ማረጋገጫ አልፈለግኩም። የከተማ መብራት የማይደርስበት ኮሶዬ ብቻዬን ማደር እንደማልችል ሁለታችንም እናውቃለን፤ «አብሬሽ አድራለሁ» ያለው ግን ራሱ ነው።

የመረጥኩት ጊንጥ በሚመስለው የከዋክብት መንጋ ልብ አጠገብ ያለውን ቦታ ነው። በባዶ ዓይን ሲያዩት አንዲት ቀላ ያለች ኮከብና ዙሪያዋን ጨለማ ነው። በደንብ ሲነሳ ግን ያ ጨለማ ቢጫና ሰማያዊ፣ ቀይም ደመና ሆኖ ይወጣል። የመንጋውን የእንግሊዝኛ ስም ለአባቴ ስነግረው «አቅረብ በይው እንጂ» አለ፤ ጊንጥ ማለት ነው በዐረብኛው። ኮሶዬ ቤቷ ያሳረፈችን የእናኑ ባል በላቸው ደግሞ የቄስ ትምህርት ቤት የቀመሰ ነውና «አቅራብ» አለው። ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። ጨረቃ የሌለበትን ሌሊት የመረጠልኝም አባቴ ነው። ኢንተርኔት ልከፍት ስል «የወሩን መጨረሻ እኔ እያለሁልሽ?» ብሎ በእስልምናው ወር ቆጥሮ ነገረኝ።

እናኑ ኮሶዬ ላይ፣ በደባርቅ መንገድ ዳር፣ ምግብ ቤት አላት። የልጇን ሠርግ አንስቼላት ስለነበር ከቤቷ ጀርባ ያለውን የታጨደ ማሳ ሰጠችን። ወሩ መጋቢት፣ ጊዜውም ሁዳዴ ስለነበር የሥጋ ጣጣ አልነበረብንም፤ ሽሮዋን አብረን በላን። ደጅ ያለውን አምፖል እንድታጠፋልን ስንለምናት ግን ግራ ገባት።

«ምነው አያ ከማሉዲን፣ ሸጋ መኝታ አንጥፌላችሁ ሜዳ ላይ የምታድሩት?» አለችው።

«ልጄን ጠይቂያት» አለ አባቴ፤ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት። ያን ኩራት ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬም አልክድም።

ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። አባቴ በካፖርቱ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ባትሪውን ብርሃኑ እንዳይበዛ በቀይ ፌስታል ሸፍኖ፣ ካሜራዬ አጠገብ በበርጩማ ላይ ይቀመጣል። ኮከቧ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ከደቡብ ምሥራቅ ትወጣለች። እኔ ሳነሳ፣ ሌንሱ ጤዛ ሲይዝ እሱ በመሐረቡ ሲያደርቅ፣ ሱብሒ ይደርሳል። እዚያው ማሳው ላይ ይሰግዳል። ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ እንመለስና ፎቶ ቤቱን እንከፍታለን።

አንድ ሌሊት አልበቃም። ካሜራውን ብዙ ከከፈትኩት መሬት ስለምትዞር ኮከቡ ይጎተታል፤ ጥቂት ከከፈትኩት ደግሞ ፎቶው ጥቁር ነው፣ በላዩም ሽፍታ የወጣበት ፊት ይመስላል። መፍትሔው ብዙ አጫጭር ፎቶ አንስቶ አንዱን በአንዱ ላይ መደረብ ነው። ሽፍታው በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቦታ እየቀያየረ ይወጣል፤ ኮከቡና ደመናው ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም። ስለዚህ ሲደረቡ ሽፍታው እየጠፋ፣ እውነተኛው እየጎላ ይሄዳል። ሌሊት በጨመርን ቁጥር የተሻለ ይወጣል። አንዱን ሌሊት ደመና በላብን፣ አንዱን ደግሞ የከሰል ጫኝ ማኪና መብራት አበላሸብን። ያም ሆኖ በርከት ያለ ሰበሰብን።

ይህን ለአባቴ ያስረዳሁት እዚያው ማሳ ላይ ነው። ካሜራውን አሳየሁት፤ ጥቁር ነው። «ታዲያ ይሄ ጥቁር ነገር ቢደራረብ ጥቁር አይሆንም?» አለኝ። አይሆንም፣ ውስጡ ዓይን የማያየው ትንሽ ትንሽ ብርሃን አለ አልኩት። ፊቱ በራ።

«ገባኝ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ላይ ብርሃን አሳርፈሽ ስታበቂ ነጭ ነው፤ ምንም አይታይበትም። ምስሉ ግን አለ። ኬሚካሉ ያወጣዋል እንጂ ኬሚካሉ አይፈጥረውም። አንቺ የምታደርጊው ያንን ነው።»

«ያንን ነው፣ አባዬ።»

ካነበብኩት ሁሉ ይበልጥ ያስረዳኝ ይህ አነጋገሩ ነው። ስለዚህ አልገባውም ነበር የሚለኝ ሰው ካለ አልቀበለውም። አባቴ ነገሩ ገብቶታል። ከእኔ ቀድሞም ገብቶታል።

መደረቡ ራሱ ሌላ ፈተና ነበር። ላፕቶፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ያድርና ሊጨርስ ሲል መብራት ይጠፋል፤ የላፕቶፑ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፤ እንደገና ከሀ። የአንዱ ሌሊት ፎቶ ከሌላው ሌሊት ጋር ጠርዙ አልገጥም አለኝ፤ ካሜራውን በየሌሊቱ አንድ ዓይነት አላቆምኩትም ነበር። ፕሮግራሙ ኮከብ በኮከብ እያገናኘ አዙሮ ገጠማቸው፤ የተረፈውን ጠርዝ ቆረጥኩት። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ ያ ቀለም ሲወጣ አባቴን ጠራሁት። መነጽሩን አድርጎ ቆሞ አየው። «ማሻ አላህ» አለ፤ ከዚያ በዝግታ «እንግዲህ ታሸንፊያለሽ» አለኝ። ደስታ መስሎኝ ነበር።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ሞልቷል። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢው ተክለ ጊዮርጊስ የሚባል የቢሮ ሰው ነው፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ሰው የማያስደነግጥ። አንዱ ሠዓሊ፣ አንዱ የቪዲዮ ባለሙያ። የእኔ ፎቶ በትልቁ ታትሞ ተሰቅሎ ሰው እየተጋፋ ያየው ነበር። ተራዬ ሲደርስ ወጣሁ።

«ከየት ተነሳ?» አለኝ ተክለ ጊዮርጊስ።

«ከኮሶዬ።»

«በአንድ ሌሊት?»

«አይደለም፤ በተለያዩ ሌሊቶች የተነሱ ናቸው። ከዚያ በኮምፒውተር አቀናበርኳቸው።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። ሠዓሊው እጆቹን ዘረጋና «እንግዲህ ከራሷ አፍ ሰማን» አለ። በሩ ላይ የተለጠፈው ደንብ «የተቀናበረ ፎቶ አይወዳደርም» ይላል። አንብቤዋለሁ። ፏፏቴ ከሰው ጀርባ የመለጠፍ ነገር መስሎኝ ነው ያለፍኩት፤ እኔን ይመለከታል ብዬ አላሰብኩም።

«መደረብ ማለቴ ነው» አልኩ። «ያው አንዱን ሰማይ፣ ያው አንዱን ቦታ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ነው የደረብኩት።»

«ቃል አትለዋውጪ» አለ የቪዲዮው ሰውዬ።

ላፕቶፔን ከፍቼ ዋናዎቹን ፎቶዎች ላሳይ አልኩ። ያ ደግሞ ባሰ። አንዱን ስከፍተው ጥቁር ነው፣ ጥቂት ነጠብጣብ አለበት። ሠዓሊው ጎንበስ ብሎ አየና «ቀዩ የት አለ? ሰማያዊውስ?» አለኝ። ውስጡ አለ አልኩት። ሁለተኛውን ከፈትኩለት፤ ጥቁር። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ በተናገርኩ ቁጥር ግን ሌባ እየመሰልኩ ሄድኩ።

ያኔ ተክለ ጊዮርጊስ ወደ አዳራሹ ተመለከተ። «ጋሽ ከማሉዲን አብረዋት ነበሩ ተብሏል» አለ። «በዚህ ከተማ የእርስዎን ቃል የሚጠራጠር የለም። ይህን ቀለም ሰማይ ላይ አይተውታል?»

አባቴ ተነሳ። እኔም አረፍኩ፤ ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። ማሳው ላይ የነገረኝን ይነግራቸዋል ብዬ ጠበቅኩ።

«አላየሁም» አለ።

ከ«አላየሁም» በኋላ «ግን» የሚል ቃል ጠበቅኩ። አባቴ ተቀመጠ።

እውነቱን ነው፤ አላየም። ማንም ዓይን አያየውም። የተጠየቀውን በሐቅ መለሰ፤ ሐቁ ግን እኔን ከመድረክ አወረደኝ። ፎቶዬን ከግድግዳው ሲያወርዱት ቆሜ አየሁ። ያሸነፈው አንድ ልጅ ነው፤ ፀሐይ ከፋሲል ግንብ በስተጀርባ ስትጠልቅ የሚያሳይ ፎቶ ነው ያቀረበው። ፀሐይዋ የምትጠልቀው ከሰሜን በኩል ነበር። ዕድሜዬን ሳቀናብር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከሌላ ፎቶ ተቆርጣ የተለጠፈች ፀሐይ አይቼ አልሳሳትም። ልጁ ግን «አነሳሁት» አለ፤ በቃ።

ስወጣ ተክለ ጊዮርጊስ ተከትሎኝ መጣ። አባቴ የመግሪብ ሶላት እንዳያልፈው ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

«የእኔ ልጅ፣ አጠያየቄ ልክ አልነበረም መሰለኝ» አለኝ። «አዲስ አበባ ስም የምንልከው ነገ ማታ ነው። አባትሽ ነገ ቢሮ ይምጡና፣ ፎቶዎቹን ሁሉ እዚያው ስታነሳ አይቻለሁ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ነገር የለበትም ይበሉን። ሌላ ነገር አልፈልግም። የእሳቸው ቃል ካለ ሁለቱን ዳኞች እኔ አሳምናለሁ።»

ቤት ስደርስ ለአባቴ ነገርኩት። ሳልጠይቀው «የጠየቁኝን መለስኩ» አለኝ።

«አውቃለሁ።» በእርግጥም አልተቆጣሁትም። ለእናቴ ያልዋሸ ሰው ለእኔ እንዲዋሽ እንዴት እጠብቃለሁ? «ነገ ግን ትሄድልኛለህ?»

«እሄዳለሁ።»

«ኢንሻ አላህ በል።»

«ኢንሻ አላህ» አለ። ያን ሌሊት እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ጠዋት ደህናውን ኮቱን ለበሰ፣ ኮፊያውን አደረገ፤ ጫማውን ጠረግኩለት። እኔ ፎቶ ቤት ውስጥ ሆኜ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። ደንበኛ ሲመጣ ምን እንዳለኝ አልሰማም፤ የአንዷን ሙሽራ ጥርስ ሁለት ጊዜ አነጣሁት። አባቴ የመጣው ወደ ማታ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ኮፊያውን አወለቀ።

«አልተቀበሉኝም» አለ።

«ምን አሉህ?»

«ተወስኗል አሉኝ። አርፍደሃል አሉኝ።»

ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። አሳዘነኝ። የእኔን ትቼ እሱን ማጽናናት ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜው፣ ይህን ያህል የተከበረ ሰው፣ ደጅ ላይ አቁመው መለሱት ብዬ አንጀቴ አረረ። ሾርባ ሠራሁለት፤ እግሩን በሙቅ ውሃ አጠብኩለት። እሱም ዝም ብሎ እግሩን ሰጠኝ።

በማግስቱ አዲስ አበባ ደወልኩ። «እኛ የምንቀበለው ከተማችሁ የላከችልንን ስም ነው» አሉኝ በትሕትና። ልጁ ሄደ። እኔ ወደ ሙሽሮቼ ተመለስኩ። ተክለ ጊዮርጊስን ግን አልማርኩትም። ክረምቱን ሙሉ ረገምኩት። ፒያሳ ላይ ሳየው መንገድ እሻገራለሁ፤ ሰላም ሲለኝ ያልሰማሁ እመስላለሁ። አንድ ሰው ስለ ደግነቱ ቢያወራ «እሱ? አስመሳይ» እላለሁ። አባቴ አጠገቤ ሆኖ ይህን ሲሰማ ጉርድ ፎቶውን ይቆርጣል።

በተከታዩ ዓመት ጥር ላይ ፀዳ ከተማ ሠርግ ላነሳ ሄድኩ። ሙሽራዋ ለካስ የተክለ ጊዮርጊስ የወንድም ልጅ ነች። ድንኳኑ ውስጥ ካሜራዬን ይዤ ስዞር ፊት ለፊቴ ቆመ።

«ምነው የእኔ ልጅ፣ ከእኔ ጋር ሰላምታ ተከለከለ?»

በሰው ሠርግ ላይ ነገር ማንሳት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን አፌ አልታገሠኝም። «አባቴን ከቢሮዎ ደጅ አባረው ሲያበቁ ሰላምታ ይፈልጋሉ?» አልኩት።

አላሾፈም፣ አልተቆጣም። ግራ ገባው። «የትኛው ደጅ? አባትሽ መቼ መጡ?»

«ያን ዕለት ነዋ። በውድድሩ ማግስት።»

«እኛ እኮ ቢሮ ከተዘጋ በኋላም ጠብቀናቸዋል። ቢቆዩብኝ በስልካቸው ደወልኩላቸው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የሚለው ነገር ምን እንደሚያደርገኝ የገባው መሰለኝ። «ልጄ ሐሳቧን ቀይራለች፣ አትሄድም፣ ተዉት አሉኝ። የሌላ ሰው ቃል ቢሆን አንቺኑ እጠይቅሽ ነበር። የጋሽ ከማሉዲንን ቃል እንዴት ብዬ ልጠራጠር?»

ሠርጉን እስከ መጨረሻው አነሳሁ። ሙሽራዋ ፈገግ በይ ስላት ፈገግ አለች። ሙዚቃው ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል፤ እኔ ግን ደጋግሜ የምሰማው «ተዉት» የሚለውን ብቻ ነው። ተዉት። እኔን ነው።

ስመለስ አባቴ ፎቶ ቤት ውስጥ መቁረጫው ፊት ተቀምጦ ነበር። ካሜራዬን አስቀመጥኩ።

«ተክለ ጊዮርጊስን አገኘሁት» አልኩ።

እጁ ቆመ። ይክዳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልካደም።

«ሻይ ቤቱ ውስጥ ነበርኩ» አለ። «ከቢሮው ፊት ለፊት ያለው። በራቸው ይታየኛል። ልገባ እነሳለሁ፣ መልሼ እቀመጣለሁ። ቀኑ እንዲሁ መሸ።»

«ስልኩስ?»

መቁረጫውን ከፊቱ ገፋ አደረገ።

«ለምን?»

«አንቺ ከሄድሽ እኔ ከማን ጋር ልቀር ነው?» አለ። ቃሉ ቀላል ነበር፤ ያን ያህል ቀላል መሆኑ ነው ያቃጠለኝ። «ዐብዱልከሪም ለአንድ ዓመት ብሎ ነው የሄደው። ማታ ማታ ያን ቤት ብቻዬን ስከፍተው ታየኝ።»

«አትሂጂ ብትለኝ እቀር ነበር፣ አባዬ።» እውነቴን ነው። አልቅሼ፣ ተናድጄ፣ ግን እቀር ነበር።

«አውቃለሁ» አለ። «ለዚያ ነው ያልጠየቅኩሽ። ጠይቄሽ ብትቀሪ ዕድሜ ልክሽን እኔን ታኮርፊያለሽ። እነሱ ከከለከሉሽ ግን የምታኮርፊው እነሱን ነው።»

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሻይ ቤት ተቀምጦ አስቦበታል። እኔን ማስቀረት ብቻ አይደለም የፈለገው፤ ፍቅሬንም ሳያጎድል ማስቀረት ነው። ያን ሁሉ ወራት አንድ ንጹሕ ሰው ስረግም አጠገቤ ተቀምጦ አዳመጠኝ። እግሩን ሳጥበው ዝም አለኝ። አዳራሹ ውስጥ ያለው «አላየሁም» እንኳ አሁን ሌላ ሆኖ ተሰማኝ። ሐቅ ነው ብዬ የተውኩለት ነበር፤ ለካስ ሐቁን መርጦ ነው የተናገረው፤ እኔን የሚያስቀረውን ያህል ብቻ።

ብዙ ተናገርኩት። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም፤ ለአባት የሚነገር አልነበረም። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ ተነሳና ኮቱን ከመስቀያው አወረደ።

«አሁን እሄዳለሁ» አለ። «ተክለ ጊዮርጊስ ፊት ቀርቤ ዋሸሁ እላለሁ። ሰው ሁሉ ይስማ። አንቺ ሂጂ፤ ፈቅጃለሁ።»

«የት ልሂድ?»

«አዲስ አበባ።»

«ስልጠናው ያ ዓመት ብቻ ነበር» አልኩት። «ዘንድሮ ማንንም አልጠሩም።»

ኮቱን አንድ እጁን አግብቶ፣ አንዱን ሳያገባ ቆመ። አላገዝኩትም። ፈቃዱን ሲሰጠኝ መሄጃ አልነበረኝም፤ መሄጃ በነበረኝ ጊዜ ደግሞ ፈቃዱ አፉ ላይ እንጂ ልቡ ውስጥ አልነበረም።

አሁንም አብረን ነው የምንኖረው። የት ይሄዳል፣ የት እሄዳለሁ? ለሰፈር ሰው አልነገርኩበትም፤ ተክለ ጊዮርጊስም አልተናገረም መሰለኝ፣ ሰዉ ዛሬም ሲጣላ አባቴን ይጠራዋል። እሱም ኮፊያውን አድርጎ ይሄዳል። እኔ ከሥራ ስመለስ ማታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ዕድሜው ገፍቷል፤ ምግብ ይረሳል።

«ምሳ በላህ?» እለዋለሁ።

«በልቻለሁ፣ ልጄ» ይለኛል።

ወጥ ቤት እገባና የድስቱን ክዳን አንስቼ አያለሁ።